ረጅም ልብ ወለድ ከመጀመሬ በፊት ሴራውን እንዴት እንደማሰናዳ

ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። «አስቀድሜ ላቅድ ወይስ ዝም ብዬ ልጻፍ?» እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። አጭር ልብ ወለድ ሳላቅድም ይወጣልኛል። ረጅሙ ግን እንደዚያ አይሆንልኝም። አሥር ገጽ በስሜት ይገፋል። ሁለት መቶ ገጽ ላይ ስሜት ብቻውን አያደርስም። ስለዚህ እኔ የማቅድበትን መንገድ ላካፍላችሁ። በተለይ የመጀመሪያ ረጅም ሥራችሁን ይዛችሁ መሀል ላይ ለቆማችሁ።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገር። ማቀድ ማለት የሚሆኑትን ነገሮች በተራ መደርደር አይደለም። አንዱ ነገር ሌላውን ለምን እንደሚወልደው ማወቅ ነው። ምክንያቱን ካወቅሁ አንድ ትዕይንት ቢወድቅ ሌላ እተካለሁ፤ ታሪኩ አይናድም። ምክንያቱን ካላወቅሁ ግን ሃምሳ ቆንጆ ትዕይንት ቢኖረኝም ሴራ፣ ማለትም ነገሮቹን በምክንያት የሚያያይዝ ሰንሰለት፣ የለኝም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር ይህን እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው ስለ ልብ ወለድ በሚያወራ መጽሐፉ ውስጥ በአጭር ምሳሌ አስቀምጦታል። ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያም ንግሥቲቱ ሞተች ካልን ታሪክ ነው። ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያም ንግሥቲቱ በሐዘን ሞተች ካልን ግን ሴራ ሆነ። ሁለቱ ሞቶች ተሳሰሩ። የመጀመሪያውን የሰማ «ከዚያስ?» ይላል። ሁለተኛውን የሰማ «ለምን?» ይላል። እኔ ሳቅድ የምሠራው ለዚህ «ለምን» ነው።

ነገሩ በባዶው እንዳይሆን አሁን የምሠራበትን ረቂቅ ምሳሌ ላድርገው። ዋናዋ ገፀ ባሕርይ ሠናይት ትባላለች። አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። መዝገብ ስታመሳክር የጎደለ ገንዘብ ታገኛለች። ዱካውን ስትከተል አጎቷ ጋ ያደርሳታል። አጎቷ ወላጆቿ ሲሞቱ ያሳደጋት ሰው ነው። የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅም እሱ ነው። ሥራውን ያስገኘላትም እሱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አሪፍ ሐሳብ ነው» ብሎ ምዕራፍ አንድን ይጀምራል። እኔ አልጀምርም። ይህ ገና ሁኔታ ነው፤ ሴራ አልሆነም። አንድ ገጽ ወረቀት አወጣና ስለ ሠናይት ጥቂት ነገሮች እጽፋለሁ። ምን ትፈልጋለች? እንዳታገኘው የሚከለክላት ምንድን ነው? ብታገኘው ምን ታጣለች? ከምንም በላይ የምትፈራው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። «ደስታ ትፈልጋለች» ወይም «ነጻነት ትፈልጋለች» ብሎ መጻፍ ለሴራ አይጠቅምም። ፍላጎቱ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት። አንባቢው አገኘችው ወይም አላገኘችውም ብሎ መፍረድ መቻል አለበት። ሠናይት የምትፈልገው የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ መሆን ነው። ይህ ይታያል። ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች ወይም አትቀመጥም።

ፍርሃቷን ማግኘት ደግሞ ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። መጀመሪያ ከሥራ መባረርን የምትፈራ መስሎኝ ነበር። ሐሳቡ ግን ቀዘቀዘብኝ። ማንም ሰው መባረርን ይፈራል፤ የሷ ብቻ የሆነ ነገር አልነበረውም። ደጋግሜ ሳስብበት ሠናይት የምትፈራው ውለታ ቢስ መባልን እንደሆነ ገባኝ። በሰው ቤት ያደገች ልጅ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ «ይህንን ሁሉ አድርገንልሽ» የምትለው ዓረፍተ ነገር እንዳትነገራት ስትጠነቀቅ ኖራለች። ይህን ካገኘሁ በኋላ ውሳኔዎቿ ራሳቸው መምጣት ጀመሩ። ጉድለቱን ስታገኝ ለምን ወዲያው ሪፖርት እንደማታደርግ ማንም ሳያስረዳኝ አወቅሁ። ገፀ ባሕርይና ሴራ ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ሆነው ስለሚማሩ ብዙዎቻችን ለየብቻ እናስባቸዋለን። እኔ ግን ሴራ ማለት ይህች ሰው ከዚህ ፍርሃት ጋር ሆና የምትወስናቸው ውሳኔዎች ሰንሰለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ወደ መጨረሻው እሄዳለሁ። የመጨረሻውን ትዕይንት በዝርዝር አላቅድም። የመጨረሻውን ውሳኔ ግን ማወቅ አለብኝ። ሠናይት የምርመራውን ሪፖርት ትፈርማለች ወይስ አትፈርምም? ወሰንኩ፤ ትፈርማለች። የምትፈርመውን እያንዳንዱን መስመር አንብባ፣ የሚያስከፍላትን እያወቀች ትፈርማለች።

ይህን ስወስን መጀመሪያው ምዕራፍ ታየኝ። በመጨረሻ አንብባ የምትፈርም ሴት፣ በመጀመሪያ ሳታነብ የምትፈርም መሆን አለባት። ስለዚህ በምዕራፍ አንድ አጎቷ አንድ ወረቀት ያቀርብላታል። ቀና ብላም ሳታይ ትፈርማለች። ታምነዋለች። ለአንባቢው ተራ የቢሮ ነገር ነው። ለኔ ግን የመጽሐፉ ግማሽ እዚያች ፊርማ ውስጥ ተቀምጧል። መጨረሻውን ሳያውቁ መጀመር የሚችሉ ጎበዝ ደራሲዎች አሉ። ለጀማሪ ግን የመጨረሻውን ውሳኔ አውቆ መነሳትን አጥብቄ እመክራለሁ። መጀመሪያው ምን መምሰል እንዳለበት የሚነግረኝ መጨረሻው ነውና።

አሁን ወደ ትዕይንቶቹ። በዚህ ደረጃ የምጠቀምበት መፈተኛ ብዙ ደራሲዎች የሚያውቁት ነው። በሁለት ትዕይንቶች መካከል የትኛው ቃል ይገባል? «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ከገባ ሴራው ይሄዳል። የሚገባው «ከዚያም» ብቻ ከሆነ ሴራው ቆሟል።

የሠናይት የመጀመሪያ ዝርዝር እንዲህ ነበር። ጉድለቱን ታገኛለች። ከዚያም የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዋን መንገድ ላይ ታገኛለች። ከዚያም አጎቷ ይታመማል። ከዚያም አዲስ ኦዲተር ይመጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ መጥፎ አይደለም። ግን አንዱን ብታወጡት ሌላው ምንም አይጎድለውም። ይህ ነው ምልክቱ። አንድ ትዕይንት ተነቅሎ ሌሎቹ ካልተነቃነቁ ትዕይንቱ ከሴራው ጋር አልተያያዘም።

ሁለተኛው ዝርዝር ይህን ይመስላል። ሠናይት ጉድለቱን ታገኛለች፤ ስለዚህ ከማንም በፊት ለምታምነው ሰው፣ ለአጎቷ፣ ትነግረዋለች። ነገር ግን እሱ «እኔ አጣራዋለሁ፣ አንቺ ተይው» ይላታል። ስለዚህ ሪፖርቱን ታዘገያለች። ነገር ግን የሪፖርቱ መዘግየት ባለቤቶቹን ያጠራጥራል። ስለዚህ ከውጭ ኦዲተር ያስመጣሉ። ኦዲተሩ ማን ይሁን? የድሮ ጓደኛዋ ዳዊት። ሁለት ሰዎች አንድ ሆኑ። መንገድ ላይ በአጋጣሚ የሚገናኙበት ትዕይንትም አላስፈለገም። መገናኘታቸው አሁን የሷ ዝምታ ያመጣው ነገር ነው።

ስለ አጋጣሚ ካነሳሁ አይቀር፣ አጋጣሚን ፈጽሞ አልከለክልም። ሕይወት ራሷ በአጋጣሚ የተሞላች ናት። ግን አንድ መስመር አለኝ። አጋጣሚ ዋናዋን ገፀ ባሕርይ ችግር ውስጥ ቢከታት አንባቢ ይቀበለዋል። ከችግር ቢያወጣት ግን አንባቢ ተታለልኩ ይላል። ትክክልም ነው።

ከዚህ በኋላ ማንም የማያነበውን አንድ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ሙሉውን ታሪክ በአጎቷ አንደበት። «እኔ» እያለ። ገንዘቡን ለምን እንደወሰደ፣ ለራሱ ምን ብሎ እንዳሳመነ፣ ሠናይት ወረቀቱን ይዛ የገባች ቀን ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ። ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ተቃራኒው ገፀ ባሕርይ የራሱ ዕቅድ ያለው ሰው ይሆናል። ዋናዋ በሌለችበት ሰዓትም ይንቀሳቀሳል። ብዙ ጀማሪ ሥራዎች ላይ የማየው ድክመት ክፉው ሰው ተራው እስኪደርስ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። እኔ ጽሑፌ ሲቆምብኝ የምጠይቀው «ሠናይት አሁን ምን ታድርግ?» ብዬ አይደለም። «አጎቷ ዛሬ ምን እያደረገ ነው?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከዚያ ይመጣል።

አሁን በጣም ወደሚያስቸግረው ቦታ ደረስን። መሀሉ። ጅማሬ ጉልበት አለው። መጨረሻ የራሱ ስበት አለው። ብዙ ረቂቅ የሚሞተው መሀል ላይ ነው። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ የተነሳው ጥያቄ ሳይለወጥ መጽሐፉን ሙሉ እንዲሸከም ስለምናደርገው ይመስለኛል። «ገንዘቡን ማን ወሰደ?» የሚለው ጥያቄ መቶ ገጽ ይዘልቃል እንበል። ከዚያ በኋላ አንባቢው ይሰለቻል። እኛም እንሰለቻለን። ፍንጭ ላይ ፍንጭ መጨመር እንጀምራለን። ታሪኩ የሚሄድ ይመስላል እንጂ ባለበት ይረግጣል።

መፍትሔ የሆነኝ ምስጢሩን መሀል ላይ ማውጣት ነው። እስከ መጨረሻ አልቆጥበውም። በኔ ረቂቅ ገንዘቡን የወሰደው አጎቷ መሆኑን ሠናይትም አንባቢም የሚያውቁት ግማሽ ላይ ነው። በዚያው ትዕይንት ሌላም ነገር ይወጣል። ገንዘቡ የወጣበት ሰነድ ላይ ያለው ፊርማ የሷ ነው። ምዕራፍ አንድ ላይ ሳታነብ የፈረመችው። አሁን ጥያቄው ተለወጠ። ማን ወሰደ የሚለው ቀርቶ «ራሷን ታድን ወይስ እሱን?» ሆነ። ያ አሮጌ ፍርሃቷ፣ ውለታ ቢስ መባል፣ ከዚህ በኋላ የሚበላት ነገር ይሆናል። ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው የተለየ መጽሐፍ እስኪመስል ድረስ ይከብዳል።

ምስጢር መግለጥ ልብ ሰቀላውን የሚገድለው ይመስላችሁ ይሆናል። አይገድለውም። አንባቢ የሚጨነቀው ስለማያውቀው ነገር ብቻ አይደለም። የሚወዳት ሴት ከሁለት መጥፎ ነገሮች አንዱን ልትመርጥ መሆኑን ሲያውቅ የበለጠ ይጨነቃል። እናንተም ጨክናችሁ መጨረሻ ላይ ያስቀመጣችሁትን ትልቅ ምስጢር ወደ መሀል አምጡትና ሞክሩት። ባዶ የሚቀረው ሁለተኛ ግማሽ ያስፈራል። ግን ያ ባዶ ቦታ የተሻለ ጥያቄ እንድታገኙ ያስገድዳችኋል።

ስለ ቅርጽ ብዙ አልልም። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 ባወጣው መጽሐፍ ድራማን በአምስት ከፍሎ፣ ወደ ጡዘት (ግጭቱ ወደሚከርበት ጫፍ) የሚወጣና ከጡዘት የሚወርድ ተራራ አድርጎ አሳይቷል። በትምህርት ቤት የምንማረው የሴራ ሥዕል መነሻው ይህ ነው። ፍራይታግ ያጠናው ግን የመድረክ ተውኔትን ነው፤ ልብ ወለድን አልነበረም። በሦስት መክፈልም አለ። ሩብ ለመግቢያ፣ ግማሽ ለመሀሉ፣ ሩብ ለመጨረሻው። ሁለቱም ይጠቅማሉ። እኔ ግን ታሪኩን ካሰብኩ በኋላ ለመመርመሪያ እንጂ ለመነሻ አልጠቀምባቸውም። ቅርጹን አስቀድሞ አስቀምጦ ታሪክ ለመሙላት መሞከር ገፀ ባሕርያቱን ተላላኪ ያደርጋቸዋል።

ዕቅዱን የት ላይ ትጽፋላችሁ የሚለው የምርጫ ጉዳይ ነው። ደራሲው ቭላዲሚር ናቦኮቭ በትንንሽ ካርዶች ላይ ይጽፍ ነበር። አሜሪካዊው ደራሲ ዊልያም ፎክነር የአንድ ልብ ወለዱን ዕቅድ የጻፈው በቤቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ጽሑፉ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። እኔ ካርድ እወዳለሁ። በአንድ ካርድ አንድ ትዕይንት። የት እንደሆነና ማን እንዳለ እጽፋለሁ። ቀጥሎ ማን ምን ፈልጎ እንደገባ። መጨረሻ ላይ ምን ተቀይሮ እንደወጡ። ሦስተኛዋ መስመር ባዶ ከሆነች ትዕይንቱ ወይ ይጣላል ወይ ከሌላ ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ነገር ርኅራኄ የለኝም። ምንም የማይለወጥበት ትዕይንት ምልልሱ የቱንም ያህል ቢያምር አንባቢውን ያደክማል።

ስንት ካርድ ያስፈልጋል? በሂሳብ ማስላት ይቻላል። 80,000 ቃል አስባችሁ አንዱ ትዕይንት በአማካይ 1,500 ቃል ቢሆን ወደ 53 ትዕይንት ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ከውጭ ምክሮች ላይ የምናየውን የቃል ብዛት እንዳለ ወደ አማርኛ አናምጣው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ቃል ስለሚይዝ ያው ታሪክ በአነስተኛ የቃል ቁጥር ያልቃል። በቃል ብዛት ከመጨነቅ በትዕይንት መቁጠር ይሻላል።

ካርዶቹ ሲደረደሩ ንግሩን፣ ማለትም በኋላ ለሚመጣው ነገር አስቀድሞ የሚጣለውን ፍንጭ፣ አያለሁ። በመጨረሻ ለሚገለጠው ነገር ሁሉ ከፊት የተዘራ ዘር አለ ወይ? ወረቀቱን ለሁለት እከፍለዋለሁ። በአንድ በኩል የሚገለጠው፣ በሌላው በኩል የተዘራበት ቦታ። ዘሩን ለመደበቅ የሚያዋጣኝ መንገድ አንባቢው በሌላ ነገር ልቡ ሲሰቀል ማስቀመጥ ነው። ሠናይት ያቺን ወረቀት የምትፈርመው የዕድገቷን ውጤት በምትጠብቅበት ደቂቃ ነው። አንባቢው ዕድገቱን ይጠብቃል። ፊርማዋን አያስተውልም። በኋላ ሲመጣ ግን «አዎ! ነበረች!» ይላል።

የዕድሜና የዘመን ሠንጠረዥም አዘጋጁ። ማን መቼ ተወለደ፣ በየትኛው ክስተት ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበር። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን መተረክ) የሚበዛበት ልብ ወለድ ያለዚህ መያዣ መጨበጫ ያጣል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የምወደው ክፍል ይመጣል። አንድ ሰው ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ታሪኩን በአፌ እነግረዋለሁ። ከወረቀት አላነብም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃል። የሰውየው ፊት ብዙ ይነግረኛል። «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚልበትን ቦታ አውቃለሁ። ዓይኑ ወደ ስልኩ የሚሄድበትንም አውቃለሁ። እኔ ራሴ «ቆይ፣ ረስቼው፣ ከዚህ በፊት ደግሞ...» የምልበት ቦታ ካለ መረጃው በተሳሳተ ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው። አድማጩ ሲያቋርጠኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። «ለምን በቀጥታ ለባለቤቶቹ አትነግራቸውም?» ሲል አንባቢውም ይህንኑ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። መልሱ ካለኝ መጽሐፉ ውስጥ በግልጽ መቀመጡን አረጋግጣለሁ። ከሌለኝ ቀዳዳ አግኝቻለሁ። ቀዳዳን በካርድ ላይ መድፈን የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ወራት ይበላል።

ማቀዱ መቼ ይብቃ? የመጨረሻውን ውሳኔ፣ መሀል ላይ ጥያቄው የሚለወጥበትን ቦታ፣ ከዚያም የሚቀጥሉትን ጥቂት ትዕይንቶች በደንብ ካወቅሁ እጀምራለሁ። የቀሩት ካርዶች ላይ አንድ አንድ መስመር ብቻ ቢኖር ችግር የለም። የንዑስ ገፀ ባሕርይን የልጅነት ታሪክ እየጻፋችሁ ቀናት ካለፉ፣ ዕቅዱ መጻፍን ማስቀሪያ ሆኗል። ያን ጊዜ ተነሱና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ጽሑፉ ሲጀመር ዕቅዱ ይናጋል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ዳዊትን ያቀድኩት ለሠናይት አጋዥ እንዲሆን ነበር። የመጀመሪያ ምልልሳቸውን ስጽፍ ግን ቂም ይዞባት መጣ። አንድ ጊዜ ተማሪ እያሉ ከመምህር ፊት ሳትከላከልለት ዝም ብላለች። ዝምታዋ የቆየ ልማድ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዕቅዱ የተሻለ ስለሆነ ተከተልኩት። ተከተልኩት ስል ግን ዝም ብዬ መጻፌን አልቀጠልኩም። እጄን አቁሜ ከዚያ ትዕይንት እስከ መጨረሻው ያሉትን ካርዶች አወጣሁ። «ስለዚህ» እና «ነገር ግን» የሚሉትን እንደገና ፈተሽኩ። ጥቂቶቹ ወደቁ። አዳዲስ ገቡ። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ቆመ፤ እንዲያውም ከበፊቱ ጠነከረ። እንዲህ ዓይነት ለውጥ ሲመጣ ካርዶቹን ሳያስተካክሉ መቀጠል ሁለት የተለያዩ መጽሐፎችን አንድ ላይ እንደመስፋት ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ ደግሞ ዕቅዱን ከኋላ ወደፊት እሠራለሁ። የመጀመሪያውን ዕቅድ ወደ ጎን አድርጌ፣ ረቂቁን እያነበብኩ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ መስመር እጽፋለሁ። ልጽፈው ያሰብኩትን ሳይሆን በትክክል የተጻፈውን። በመስመሮቹ መካከል ያቺኑ ማያያዣ ቃል አስቀምጣለሁ። «ከዚያም» በተከታታይ የበዛበትን ቦታ በቀይ አሰምራለሁ። እርማቱን የምጀምረው ከመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ከዚያ ቀይ ቦታ ነው። ቋንቋ ማሳመሩ፣ ምልልሱን ማቅለሉ፣ ፊደል መልቀሙ የሚመጣው ቀዩ ካለቀ በኋላ ነው።